ከፎቅ የሚሰማው እርምጃ

በዚያ ክረምት ዓርብ ከሰዓት በኋላ ዴም በሚባለው የካርቱም ሰፈር በአንዲት የኪራይ ክፍል የምንሰበሰበው አምስት ሰዎች ነበርን። አንደኛው ባለ ክፍሉ፣ አገር ቤት እንግሊዝኛ ያስተምሩ የነበሩና በፖለቲካ ምክንያት የተሰደዱት፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው ናቸው። ሁለተኛዋ ባለቤታቸው እትዬ ናቸው፤ ከመስኮቱ ሥር ባለችው የእግር ስፌት መኪና የሰፈሩን ሴቶች ቀሚስ ይሰፋሉ፤ እየሰፉም ይሰማሉ። ሦስተኛዋ እቴቴ ናት፤ የወሎ ሰው፣ ከሁላችንም በፊት ካርቱም የገባች፣ ጣኢፍ በሚባለው የካርቱም ሰፈር ከአንድ ቤተሰብ ጋር ብዙ ዓመት የሠራች። አራተኛዋ የእቴቴ የአገር ልጅ ናት፤ በዚያው ዓመት መጥታ እቴቴ እዚያው ጣኢፍ ሥራ ያስገባቻት። ልጂቱ እያልኩ እጠራታለሁ፤ ያኔም እንደዚያ ነበር የምንላት። አምስተኛው እኔ ነኝ። ከወንዙ ማዶ፣ ባሕሪ በሚሉት የከተማው ክፍል፣ የተቃጠለ የቬንትሌተርና የውሃ ፓምፕ ሞተር እየፈታሁ የመዳብ ሽቦውን እንደገና እጠመጥም ነበር።

የምናነበው አንድ የድሮ የእንግሊዝ ልብ ወለድ ነው። ሱቅ አረቢ በሚባለው ገበያ፣ አሮጌ መጽሐፍ መሬት ላይ ከሚዘረጉት ሰዎች ዘንድ አገኘሁት። ሽፋኑ ወድቋል፤ ርእሱና የደራሲው ስም የነበሩባቸው ቅጠሎች የሉም፤ ከመጨረሻውም ተገንጥሏል። ጋሼ ቋንቋውን ሰምተው የአያቶቻችን አያቶች ዘመን ድርሰት ነው አሉ እንጂ የትኛው እንደሆነ ሊለዩት አልቻሉም።

ጋሼ ራሳቸው ማንበብ አይችሉም ነበር፤ ሁለቱንም ዐይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። እኔ ደግሞ እንግሊዝኛውን ለብቻዬ ከመዝገበ ቃላትና ከሞተር መመሪያ የለቀምኩት ስለሆነ ቃሉን ባውቀውም ዓረፍተ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ይጠፋኛል። ስለዚህ ሥራውን ተካፈልነው። እኔ አንድ ዓረፍተ ነገር አነባለሁ፤ እሳቸው ዐይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ፤ ጥቂት ዝም ይሉና በአማርኛ ይናገሩታል። ነጠላ ሰረዝ ከዘለልኩ ጣታቸውን ያነሳሉ። እቴቴ ያልገባት ነገር ሲኖር «ቆዩ እስቲ፣ አንድ ጊዜ ይመለሱ» ትላለች፤ እንመለሳለን። በዚህ ዓይነት አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ጥቂት ገጽ ብቻ የምንጨርስበት ቀን ነበር።

ታሪኩ ዛፍ በማይበቅልበት ነፋሻ ሜዳ ላይ በቆመ ትልቅ የድንጋይ ቤት ውስጥ ነው። በቤቱ ጌታው አለ፤ መልከ መልካም፣ ሰው የማያናግር፣ በዝናብ ፈረስ ጭኖ የሚወጣና ጭቃ በጭቃ ሆኖ የሚመለስ። ቁልፍ ያዥዋ አለች፤ ቁልፎቹ እንዳይንቃጨሉ በጨርቅ ጠቅልላ የምትይዝ፣ ስትመጣ ኮቴዋ የማይሰማ። ከላይ፣ በሰሜኑ ክፍል፣ የጌታው እናት አለች። እናትየው አትታይም፤ የሚሰማው እርምጃዋ ነው። ምግብ የምታደርስላት ከሩቅ አገር የመጣች ገረድ ናት። ከእሷ በፊት የነበረችው ገረድ የት እንደ ደረሰች ማንም አይናገርም።

ጋሼ እንዲህ ያለውን አጻጻፍ ጎቲክ እንደሚሉት ነገሩን።

«ጎቲክ ምንድን ነው?» አለች እቴቴ።

«የጥንት ሕንፃ አሠራር ስም ነበር። ኋላ የዚህ ዓይነት ታሪክ ስም ሆነ። ቤቱ ከሰዎቹ ይገዝፋል። ሰዎቹንም ከማየታችን በፊት እንፈራቸዋለን። ስንት ገጽ ሙሉ ስለ አንድ ሰው ይወራልናል፤ ሰውየው ግን የለም።»

እትዬ የስፌት መኪናዋን መዘውር በእጃቸው አቆሙ። «ይሄ ጌታው ግን ዛር ነው ያለበት» አሉ። «ሲነሳበት ፈረስ ያስጭናል፤ ሲለቀው ያለቅሳል። የሚጠይቀውን አላለበሱትም።»

«እንግሊዝ አገር ዛር የለም።»

«ታዲያ ምን አለ?»

ጋሼ ትንሽ አሰቡና «ጎቲክ» አሉ።

«እኔ ቁልፍ ያዥዋን አውቃታለሁ» አለች እቴቴ። «አብሬያት ሠርቻለሁ። ስኳሩን ሳይቀር ትቆልፍ ነበር። አላህ ይይላትና ጨዋታ ግን ታውቃለች።»

ሳቅን። ልጂቱ አልሳቀችም።

ልጂቱ የምትሠራበት ቤት ፎቅ ላይም አንዲት አሮጊት ነበሩ። የቤቱ አባወራ እናት ናቸው፤ ሱዳኖች አያትን እንደሚጠሩት ቤተሰቡ ሀቦባ ይላቸዋል። ቤተሰቡ ጠዋት ሲወጣ የሀቦባ በር ከውጭ ይቆለፋል፤ ቁልፉ ለልጂቱ ይሰጣል። ትእዛዙ ግልጽ ነው፤ ምግብ አስገቢ፣ ዕቃ አውጪ፣ ወሬ አትጀምሪ፣ መስኮት አትክፈቺ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አሮጊቷ ከግድግዳ እስከ መስኮት ይመላለሳሉ፤ በከዘራቸው ወለሉን ይመታሉ፤ አንዳንዴም ይጮሃሉ። ልጂቱ ወጥ ቤት ሆና ሁሉንም ትሰማለች።

በዚያ ላይ ቤተሰቡ ለዕረፍት ወደ ካይሮ ሊሄድ ነበር። እመቤቲቱ ልጂቱን ከሀቦባ ጋር ብቻዋን ቤት እንድትጠብቅ ጠየቀቻት፤ መልሱንም ቲኬት ሳይቆረጥ ትፈልጋለች። እንቢ ካለች በቦታዋ ሌላ ሰው ይገባል። አባወራው ያወጣላት ኢቃማ፣ ማለት የመኖሪያ ወረቀቷ፣ አብሮ ይሄዳል፤ ያለ ኢቃማ ከሻ ሲመጣ፣ ፖሊስ መንገድ ዘግቶ ሰው ሲያፍስ፣ ምን እንደሚከተል ዴም ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። እሺ ካለች ደግሞ ሳምንታት ሙሉ በዚያ ቤት ከዚያ እርምጃ ጋር ብቻዋን ናት። መጽሐፉን የምትሰማው እንግዲህ እኛ እንደምንሰማው አልነበረም። ገረዷ ትሪ ይዛ ደረጃ በወጣች ቁጥር ልጂቱ የነጠላዋን ጫፍ ጠቅልላ ትይዝ ነበር።

ገጾቹ ባለቁበት ዓርብ ከሁላችንም ቀድማ መጣች። ሻንጣዋን ይዛለች። በሩ ጎን አቆመችውና ተቀመጠች። 

ያነበብነው ክፍል ገረዷ ጌታው በሌለበት ለመጀመሪያ ጊዜ ሰሜኑ ክፍል ውስጥ ዘልቃ የምትገባበት ነው። ቁልፉን ታዞራለች። በሩ ይከፈታል። እናትየው ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች። ቀስ ብላ መዞር ትጀምራለች። ቅጠሉን ገለጥኩ፤ ከዚያ ወዲያ የመጽሐፉ ስፌት ክር ብቻ ነው ያለው።

«አለቀ» አልኩ።

«እንዴት አለቀ?» አለች ልጂቱ።

«ከዚህ በኋላ ገጽ የለም። ስንጀምር ተናግሬ ነበር።»

«እኔ ያን ዓርብ አልነበርኩም።» ወደ እቴቴ ዞረች። «አንቺስ ታውቂ ነበር?»

«ረሳሁት» አለች እቴቴ። «ደግሞ በዚህ አነባበብ ዓመት የሚፈጅ መስሎኝ።»

«ጋሼ፣ እርስዎ ብዙ አንብበዋል። ስትዞር ምን አደረገቻት?»

ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ያላነበብኩትን አልነግርሽም፣ ልጄ።»

«እንደው የመሰለዎትን።»

«የመሰለኝን ብነግርሽ የእኔ ወሬ ነው። በእኔ ወሬ ሥራሽን ትተሽ ብትወጪስ? ወይ በእኔ ወሬ ብትቀሪስ?»

«ዛሬ ደግሞ መምህርነቱ ተነሳበት» አሉ እትዬ። «ልጅቷ ሻንጣ ይዛ መጥታለች እኮ።»

«ዐይቻለሁ» አሉ ጋሼ። ሻንጣውን ሊያዩት እንደማይችሉ ሁላችንም እናውቃለን፤ ሲሚንቶው ላይ ሲቀመጥ ድምፁን ሰምተው ይሆናል።

ወደ እኔ ዞሩ። «አንድ ነገር ግን ማወቅ ይቻላል። ይቺ እናት አስፈሪ መሆኗን ማን ነገረን?»

«ቁልፍ ያዥዋ» አልኩ።

«ሌላስ?»

«ጌታው። አትክልተኛውም ተናግሯል።»

«ራሷስ ምን ብላለች?»

ማንም አላስታወሰም። እኔም አላስታወስኩም፤ ያነበብኩትን አለማስታወስ ደግሞ ደስ አይለኝም። ከመጀመሪያው ጀምሬ እናትየው ያለችባቸውን ገጾች አንድ በአንድ መፈለግ ያዝኩ። ውጭ ራክሻዎች፣ ባለ ሦስት እግር ባጃጆች፣ እየተንጣጡ ያልፋሉ። እቴቴ ብርቱካን ልጣ አከፋፈለች። ከአንዱ ገጽ የቁልፍ ያዥዋን ሐሜት አገኛለሁ፤ ከሌላው ከበሩ ሥር የሚታይ የሻማ ብርሃን፤ ከሌላው ግድግዳ ላይ የሚያልፍ ጥላ። በመጨረሻ አንድ ቦታ አገኘሁ። ገረዷ ትሪውን አስቀምጣ ስትወጣ ከጨለማው በኩል የሚመጣ አንድ አጭር ጥያቄ ነው። ያኔ በታሪኩ ውስጥ ያለው ነጎድጓድ በዝቶበት ሳናስተውለው አልፈነዋል። አነበብኩት።

ጋሼ ተረጎሙት፦ «ስምሽ ማን ነው?»

«ገረዷ ምን መለሰች?» አለች ልጂቱ።

ቀጣዩን አነበብኩ። ገረዷ በሩን ቆልፋ ደረጃውን እየሮጠች ወረደች።

«ስሟን አልነገረቻትም?»

«አልነገረቻትም።»

«ደግ አደረገች» አለች እቴቴ። «ስም የሚጠይቅ ጅን ነው።»

«ጅንም ይሁን ዛር» አሉ እትዬ፣ «ከነጋ ጀምሮ ሰው ያላናገራት ሴት ናት። እኔ ብሆን ጣሪያ ላይ ወጥቼ ነበር የምጮኸው።»

ልጂቱ የብርቱካኑን ክፋይ ሳትበላው እጇ ላይ ይዛ ቆየች። «እኔ ጋ ያለችው ሴትዮም ትጠይቀኛለች» አለች። «ምን እንደሆነ አላውቅም። የእኔ ዐረብኛ የሳሙናና የድስት ዐረብኛ ነው፤ እሷም ጥርስ የላትም። ስትጠይቀኝ በሩን እዘጋለሁ።»

ወደ ጣኢፍ የሚመልሳት ሃፍላ፣ የሕዝብ አውቶቡሱ፣ ሳያመልጣት ተነሳች። ሻንጣውን ግን አላነሳችውም። «እዚሁ ይቆይ» አለች ለእትዬ። «የፈለገው ቢመጣ ሻንጣ ይዤ መሮጥ አልችልም።»

በሚቀጥለው ዓርብ የምናነበው ነገር አልነበረንም፤ ሳንቀጣጠር ግን ሁላችንም መጥተናል። ልጂቱ ዘገየች። ጋሼ በመንገዱ የሚያልፈውን ኮቴ ሁሉ እያዳመጡ «እሷ ናት?» ይላሉ፤ እትዬ «አይደለችም» ይላሉ። እቴቴ፣ ሥራውን ያገኘችላት እሷ ስለነበረች፣ አልተቀመጠችም።

ልጂቱ ስትገባ ጫማዋን ሳታወልቅ ጀመረች።

«ነገርኳቸው።»

«ስምሽን?» አለች እቴቴ።

«ስሜን። ትሪውን አስቀመጥኩና በሩን ሳልዘጋ ደፉ ላይ ቆምኩ። አንድ እግሬ ደረጃው ላይ ነበር። ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። አፋቸው እስኪይዘው ደጋገሙት። ከዚያ ከየት ነሽ አሉኝ። ሐበሻ ነኝ አልኩ። ሐበሻ መሆንሽንማ ዐየሁ፣ ከየት? ወሎ። ተራራ ነው? ተራራ ነው። ዘንቧል? አሉኝ።»

«ዘንቧል?» አሉ ጋሼ።

«እንደዚያው ነው ያሉኝ። እኔም ባለፈው እናቴ ከተማ ወርዳ ስንደዋወል ዝናቡ እንዳየለ፣ በሽሎ ሞልቶ ሰው አላሻግር እንዳለ ነግራኝ ነበር። ይሄን ነገርኳቸው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡና በጣቶቻቸው መቁጠር ጀመሩ። ውሃው ከእኛ አገር ተነስቶ መቼ እንደሚደርስ ነው የሚቆጥሩት።»

ቀሪውን ለልጂቱ የነገረቻት እመቤቲቱ ናት። ልጂቱ ማታ ዕቃ እያጠበች ቀስ ብላ ጠየቀቻት፤ እመቤቲቱም እያለቀሰች ነገረቻት። ሀቦባ የቱቲ ልጅ ናቸው። ቱቲ ሁለቱ ወንዞች በሚገናኙበት ቦታ በውሃ የተከበበች ደሴት ናት። በክረምት፣ ደሚራ በሚሉት የሙላት ወቅት፣ የደሴቲቱ ሰዎች በዳርቻው ተራ ገብተው ውሃውን ይጠብቃሉ። ወንዙ ሊሰብር ሲል ያየ ሰው ይጮሃል፤ የሰማ ሁሉ አፈርና ጆንያ ይዞ ይወጣል። ሀቦባ በልጅነታቸው አባታቸውን ተከትለው፣ ካገቡም በኋላ በደጃቸው በኩል ባለው ዳርቻ ጠብቀዋል። ልጃቸው ጣኢፍ ቤት ሠርቶ ሲያመጣቸው ዕድሜያቸው ገፍቶ ነበር። ሙላት በመጣ ቁጥር ግን፣ ጀምበር ስታዘቀዝቅ፣ ተነስተው ተራቸውን ይጠብቃሉ። ከግድግዳ እስከ መስኮት ያለው ዳርቻው ነው። ወለሉን በከዘራ የሚመቱት አፈሩ ርሶ እንደሆነ ለማወቅ ነው። የሚጮሁትም «ያ ናስ፣ ሰዎች፣ ውሃው መጣ» እያሉ ነው።

በሩ የተቆለፈው አንድ ጊዜ ወጥተው ወንዙን ሲፈልጉ ከትልቁ መንገድ መሃል፣ ከመኪና ጋር ሲጋፉ ከተገኙ ወዲህ ነው። መስኮቱ የተዘጋው ዝናብ ሲያዩ ስለሚብስባቸው ነው። ወሬ የተከለከለው ስለ ውሃ ከጀመሩ እንቅልፍ ስለማይወስዳቸው ነው።

«ታዲያ ስትቀጥርሽ ይሄንኑ ብትነግርሽ ምን ነበረበት?» አለች እቴቴ።

«አፍራ ነዋ» አሉ እትዬ። «ሰው እናቱን ቆልፎ ሥራ ሲሄድ ለማያውቃት ልጅ ምን ብሎ ይጀምራል?»

 «መጽሐፉ ውስጥ ያለችውስ ምን ትጠብቅ ነበር ይሆን?» አሉ ጋሼ። 

«መልሱን ሰጠሽ?» አልኩ።

«እሺ ብያለሁ» አለች ልጂቱ። «ግን ሁለት ነገር ጠይቄ ነው። እኔ ቤት ሳለሁ በሩ አይቆለፍ አልኩ። አንድ ቀን ደግሞ ወስጄ ውሃውን ላሳያቸው አልኩ። አባወራው የበሩን እሺ አለ። ወደ ውሃው ግን ብቻሽን አይሆንም አለኝ። ሰው አለኝ አልኩት።» ሁላችንንም በየተራ ዐየችን።

«አለሽ» አሉ እትዬ። ሻንጣውን ራሳቸው አንስተው ሰጧት።

ቤተሰቡ በሄደ በመጀመሪያው ዓርብ አምጃድ፣ ያቺን ትንሽ የኪራይ መኪና፣ ይዘን ጣኢፍ ሄድን። ስለ አንድ ሰው ብዙ ከሰማሁ በኋላ ሳየው መጠኑ ይጠፋብኛል። ሀቦባ በልጂቱ ክንድ ተደግፈው ሲወጡ ቁመታቸው ከትከሻዋ በታች ነበር። ነጭ ቶብ፣ የሱዳን ሴቶችን መጎናጸፊያ፣ ለብሰዋል፤ ጣቶቻቸው በሒና ጠቁረዋል፤ የከዘራው ጫፍ ተበልቶ አንድ ወገን አጥሯል። ሁላችንንም በእጅ ሰላም አሉን፤ የጋሼን እጅ ይዘው ቆዩ። እኔ ከሾፌሩ አጠገብ ተቀመጥኩ፤ ሀቦባ በእቴቴና በልጂቱ መሃል፤ ጋሼና እትዬ ከኋላ።

ወንዙ ዳር፣ ቱቲ ከፊት ለፊት በምትታይበት ቦታ፣ በንበር በሚሏቸው አጫጭር የገመድ መቀመጫዎች ላይ ተደርድረን ተቀመጥን። ውሃው እንደ ጭቃ ቡናማ ነው፤ ግንድና ሣር ይዞ ይወርዳል። ሀቦባ ውሃውን አንዴ ዐይተው ወደ እኔ ጠቆሙ። ጥርስ አልባ አነጋገራቸውን የለመደችው ልጂቱ ናትና እሷ አስተረጎመች።

«ድንጋይ አምጣ ይሉሃል። ውሃው ጫፍ ላይ አድርገው።»

አደረግኩ።

«ውስጥ አይደለም፣ ጫፉ ላይ።»

አስተካከልኩ።

«ትንሽ ወደ ቀኝ። እዚያ ጋ ዝቅ ይላል ይላሉ፤ ከገባ በዚያ ነው የሚገባው።»

ወደ ቀኝ አደረግኩት። እውነትም ዝቅ ይላል፤ እኔ አላየሁትም ነበር። ከዚያ ሁላችንም ድንጋዩን መጠበቅ ጀመርን።  ጋሼ በየመሃሉ «አለ?» ይላሉ፤ እትዬ «አለ» ይላሉ።

«ይህ ሰው አያይም?» አሉ ሀቦባ።

«ትንሽ ነው የሚያዩት» አለች ልጂቱ።

«እንግዲያው ይስማ። ውሃ ሲወጣ አፈሩን ይመጠዋል፤ ሲቆም ዝም ይላል።»

ልጂቱ ተረጎመችላቸው። ጋሼ ፊታቸውን ወደ ውሃው አዙረው ማዳመጥ ጀመሩ። ሀቦባም አጠገባቸው ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀመጡ። አንዱ እያየ አንዱ እየሰማ፣ ተረኛ ሰዎች ይመስሉ ነበር። ልጂቱ ከሁለቱ ኋላ ቆማ ሀቦባን ትመለከታለች።

ፀሐይዋ ከቱቲ ዛፎች በስተጀርባ ወረደች። ሀቦባ ሁልጊዜ የሚነሱበት ሰዓት ነው። እቴቴ ልጂቱን ዐየቻት፤ ልጂቱ ወደ ሀቦባ አንድ እርምጃ ቀረበች። ሀቦባ ተነሱ። በልጂቱ ክንድ ወደ ድንጋዩ ወርደው አጎነበሱ፤ በመዳፋቸው ዳሰሱት፤ መዳፋቸውን ለልጂቱ አሳዩዋት። ደረቅ ነው።

«ዛሬ አይገባም» አሉ። «ያላ፣ እንሂድ። ነገ ሌላ ሰው ይጠብቅ።»

ከዚያ በኋላ ልጂቱ በዚያ ቤት ብዙ ቆየች። ቤተሰቡ ሲመለስም በሩ ቀን ቀን አልተቆለፈም። ቀጥሎ በመጣው ሙላት ሀቦባ ሲነሱ እሷም አብራቸው ትነሳና ከግድግዳ እስከ መስኮት አብራቸው ትሄድ ነበር፤ «ዐየሁት፣ ደረቅ ነው» ስትላቸው የሚተኙበት ቀን አለ፤ የማይተኙበትም ቀን አለ።

ይህን ጽፌ ለሁላችሁም የምልከው እኔ ባየሁበትና በሰማሁበት በኩል ነው፤ ስለዚህ ጎደሎ ነው። ስንመለስ ሀቦባ ከኋላዬ በዝቅተኛ ድምፅ የሆነ ነገር ያዜሙ ነበር፤ የሞተሩ ድምፅ ዋጠብኝ። እቴቴ፣ አንቺ በቀኛቸው ነበርሽ፤ ምን ነበር? እትዬ፣ ጋሼ ወንዙ ዳር የሰሙትን ማታ ነግረውዎት እንደሆነ ይጻፉልኝ፤ እኔ መጠየቅ አፍሬ ነበር። አንቺም ልጂቱ፣ በዚያ ዓርብ ሌሊት፣ ቤቱ ውስጥ ሁለታችሁ ብቻ በነበራችሁበት፣ ሀቦባ ተኙ ወይ? አንቺስ ተኛሽ? የተሳሳትኩትን አርሙ፤ የሾፌሩንም መልክ የምታስታውሱ ካላችሁ ጨምሩበት፤ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ አላየሁትም።